ትንፋሽ የማይሰጠው መግቢያ

ውድ ማስተር፣

ፖስታውን ስትከፍት አንዲት የክር ማጠንጠኛ ወድቃ ከሆነ አንሳት። የተጠቀለለባት ክር አይደለም። ምን እንደሆነ ለማየት አሁን አትፍታት፤ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ አስቀምጣት። መነፅርህንም አድርግ። ያለ መነፅር ስታነብ ግማሹን ከራስህ እየጨመርክ እንደሆነ ከዱሮም አውቃለሁ።

ካልተነጋገርን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እህትህ ጋ በየሳምንቱ ስትደውል እኔ እዚያው ሳሎን ተቀምጬ ነው የምሰማው። ስለ ጉልበቷ ትጠይቃታለህ፣ ስለ ድመቷ ትጠይቃታለህ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ ወይ ትላታለህ። ማን ጠገነው ብለህ ግን አንድ ቀን ጠይቀህ አታውቅም። እኔ ነኝ የጠገንኩት፤ አሁንም ያፈሳል።

ደብዳቤ ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ጀምሬያለሁ። «ይቅርታ» ብዬ እጀምርና ለምኑ እንደሆነ ልጽፍ ስል እጄ ይቆማል። አንተ የተቀየምከኝ በአንድ ነገር ነው፤ እኔ የበደልኩህ ግን በሌላ ነው። የተቀየምክበትን ታውቀዋለህ፣ የበደልኩህን አታውቀውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አንተም እንደዚያ ነው የሆንከው። ዛሬ እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ከምታውቀው ልጀምር፣ እኔ እንዳየሁት ግን አንተ አላየኸውምና ታገሰኝ። የተጣላን ቀን ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሰው እንሆናለን። የምንወደው ባንድ ከተበተነ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞቷል፣ ዘፋኙ ዘፈን ትቶ ንብ ያረባል። የቀሩን የእነሱን ዘፈን እየተጫወቱ የሚያስታውሱን ሁለት ባንዶች ናቸው። አንደኞቹ ያንተ ቡኒዎች፦ ካሴቱ ሽፋን ላይ እንዳለው ቡኒ ሱፍ የሚለብሱት፣ ከበሮ መቺያቸው እንኳ እንደ ዱሮው ከበሮ መቺ አንገቱን ወደ ግራ የሚያዘነብለው። ሁለተኞቹ የሙዚቃ አስተማሪዋ ባንድ፦ ያገኙትን ለብሰው፣ አንዳንዴ በነጠላ ጫማ የሚመጡት።

ጠቡ ደግሞ በዚያች በአንዷ ዘፈን ነበር። ቡኒዎቹ ሲጫወቷት ሁለተኛው ስንኝ እንዳለቀ ዘፋኙ ዘሎ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። አስተማሪዋ ግን መሃል ላይ ሳክስፎኑን ብቻውን ታስቀረዋለች፤ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ስምንት ሰከንድ ነው። ስምንት ሰከንድ ከተማውን ለሁለት ከፈለው፣ አጭሮችና ረዥሞች ተባልን። በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው አንተ የአጭሮች አለቃ ሆንክ፤ ሰው ለመላጨት ወንበር ዝቅ የማደርገው እኔ ደግሞ ከረዥሞች ጋር ቆምኩ። ሰው በዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ሳቀብን።

ፀጉር ቤቴ የሸንጎ ቦታ ሆኖ እንደነበር ታስታውሳለህ። አንዱ ደንበኛዬ ከጎኑ የተቀመጠው አጭር መሆኑን ሲሰማ ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ ግማሹን ይዞ ወጥቷል። ስምንቱ ሰከንድ ሲሰለቸን ሱፉ ሁለት ቁልፍ ነው ሦስት ወደሚለው እንሄዳለን፤ ከዚያ ወደ ኮሌታው ስፋት። ወጣት ሆነን ሰምተን ያለቀስንበትን ዘፈን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ያዳመጣችሁት መቼ ነው ብትለን ማናችንም አናስታውሰውም ነበር።

ያንተ ክርክር ግን ከሁሉም ያማረ ነበር። በአድናቂዎች ማኅበር መጽሔት ላይ የጻፍከው አሁንም በፍሬም ከመስታወቴ በላይ ተሰቅሏል። «ትንፋሽ የማይሰጠው መግቢያ» ብለህ ነው ርዕስ የሰጠኸው። «ሌሎች ባንዶች ለአድማጭ ያዝናሉ» ትላለህ፤ «እነዚህ ግን አያዝኑም። ሁለተኛው ስንኝ ጉሮሮህን ሳይለቅ ሦስተኛው አንገትህን ይዞ ያነሳሃል። ሊቅነታቸው እዚህ ላይ ነው።» ሰው እየተላጨ ያነበዋል። እኔም በየቀኑ መቀሴን ባነሳሁ ቁጥር አነበዋለሁ። ለምን መቀሴን እንዳልኩ ኋላ ይገባሃል።

አዳራሹ ውስጥ አስተማሪዋ ስምንቱ ሰከንድ ላይ ስትደርስ ብድግ አልክ። «ቅጥያ ነው። ይሄን ከየት አመጣችሁት?» አልክ። ረዥሞች ጮኹ፣ አጭሮች ጮኹ፣ ሳክስፎኑ ቆመ። አንተ ወጣህ፣ እኔ ተከተልኩህ።

«ማስተር፣ ረዥሙ ነው ልኩ» አልኩህ ኮሪደሩ ላይ።

«በምን አወቅክ?»

«አስተማሪዋ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ሚስት ነው ያገኘችው፣ የስቱዲዮውን ትልቁን የቴፕ ክር።»

«እኔ ከራሱ እጅ ነው የተቀበልኩት። ማስተሩ፣ ዋናው ካሴት፣ እኔ ጋ ነው። እሷን ተዋትና አንተ በምን አወቅክ ነው የምልህ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፈራሁ። ሰው ሲፈራ ደግሞ ይሳደባል፤ «አንተ የምታውቀው ካሴት ነው፣ ዘፈን አይደለም» አልኩህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ልመልሰው ብል የት አገኘዋለሁ። አየኸኝና «ከዛሬ ጀምሮ ፀጉሬን ሌላ ቦታ ነው የምቆረጠው» አልክ። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ጭንቅላትህን በእጄ ለያዝኩት ለእኔ ግን ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። በወሩ ጓዝህን ጠቅልለህ ልጅህ ጋ ሄድክ፣ እህትህን አቅፈህ ተሰናበትክ፣ እኔ ሻንጣህን አውቶቡሱ ላይ ስጭን ዞር ብለህም አላየኸኝ።

አሁን ወደማታውቀው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሂድ። ካሴት ቤትህና ፀጉር ቤቴ አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ሳክስፎን ተጫዋቹ ማስተሩን በእጁ ከሰጠህ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አንዴ ብቻ ሰምተኸዋል፤ ባዶ ካሴት ስላለቀብህ ቅጂውን ገና አልጀመርክም። ሕግም አውጥተሃል፦ ማስተሩ ከመቅጃው ማሽን በቀር የትም አይገባም። ያን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ማሽኑን ቆልፈህ፣ ሱቁን ለእህትህ ትተህ ባዶ ካሴት ልታመጣ ወጣህ።

እህትህ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ በዚያ በሚያምረው እጅ ጽሕፈቷ የዘፈን ርዕስ ካርቶን ላይ ትጽፋለች። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ወደዚያ ሱቅ ለመግባት ሰበብ ስፈልግ ነበር። አንድ ቀን እርሳስ አውሱኝ፣ አንድ ቀን ባትሪ አላችሁ፣ አንድ ቀን ስንት ሰዓት ነው፤ የኔ ግድግዳ ላይ ደግሞ እኔን የሚያህል ሰዓት ተሰቅሏል። ያን ቀን ያገኘሁት ሰበብ ማስተሩ ነበር።

«አንዴ ብቻ እንስማው» አልኳት።

«ጋሼ ከሰማ ይገለኛል» አለችና መሳቢያውን ከፍታ የራሷን ትንሿን ቴፕ አወጣች።

ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። ሳክስፎኑ ብቻውን ቀረ። እሷ አይኗን ጨፈነች፣ እኔ እሷን አያለሁ። እዚያ ላይ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ሰጥ አለ። ቴፑ በልቶታል። ቀስ ብለን ስንስበው ተጨማዶ ወጣ፤ በእስክሪብቶ እያዞርን፣ በጣታችን እያሸን ልናቃናው ሞከርን፤ ከመሃል አንድ ክንድ የምትሆነው ግን እምቢ አለች። ከፀጉር ቤቴ መቀሴን አመጣሁ። እህትህን አደራህን እንዳትቆጣት፤ እሷ «አትንካው፣ እሱ ይምጣ» ብላኛለች። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ጫፍና ጫፉን በእሷ ቀይ ኩቴክስ አጣበቅነው። እስኪደርቅ በየተራ እፍ እንላለን፤ ጎንበስ ስንል ግንባራችን ተጋጨና ሳቀች። መልሰን ስንሰማው ዘፋኙ ዘሎ ገባ። ተያየን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሴትህን በካርቶን ተሸክመህ መጣህ፣ ማሽኑን ከፈትክ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ጀመርክ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና አልክ። አለቀልኝ አልኩ። አንተ ግን ፊትህ በርቶ «ሰማህ? ትንፋሽ እንኳ አይሰጡም እኮ እነዚህ ሰዎች» አልከኝ።

እዚያው ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ግን ፊትህ እንደዚያ ሲበራ አሳዘንከኝ። እውነቱን ካወራን ደግሞ እህትህን ስጠኝ ልልህ አስቤያለሁ፤ ማስተርህን ቆርጬብሃለሁ ብሎ የሚጀምር አማች የት አለ? ትንሽ ልቆይ አልኩ። በወሩ ባንዱ ተበተነ፣ ዘፈኑም ካንተ ካሴት ሌላ የትም ሳይታተም ቀረ። ቡኒዎቹ ከእሱ ተማሩት፣ ታክሲው፣ ልብስ ሰፊው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም ከእሱ ሰማው። ከተማው በሙሉ ያን ዘፈን ያወቀው በእኔ መቀስ በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ልቆይ ያልኩት ሠላሳ ዓመት ሆነ። በሠርጋችን ላይ ስታጫውተው ዝም አልኩ። መጽሔቱ ላይ ስትጽፍ ዝም አልኩ፣ ጭራሽ በፍሬም ሰቀልኩት። አስተማሪዋ ረዥሙን ስታመጣ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ቻልኩ፦ ምክንያቱን ሳልናገር ከእሷ ጎን ቆምኩ። ሰው ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም እኔ ላሟን ደብቄ አብሬ እለቅማለሁ። አዋቂ ነኝ ብዬ ስሟገትህ የነበረው በዚህ ነው።

ለምን ዛሬ ትለኝ ይሆናል። ያለፈው ወር የሆነውን ልንገርህ።

ካሴት ቤትህን አሁን አስተማሪዋ ተከራይታ መለማመጃ አድርጋዋለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቡኒዎቹ ዘፋኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሳሙና ቀብቼዋለሁ። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ረዥሞችና አንድ አጭር አሉ፤ ርዕሱ ያው ነው። «የሷ ሳክስፎን እኮ ቦታ ሲጠፋው ነው እዚያ ጋ የሚንከራተተው» ይላል ዘፋኙ በአረፋው ውስጥ። አንዱ ረዥም ሊመልስ አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። የኔ ሬዲዮ ዝም አለ፣ እዚያ ማዶም ጊታሩና ኦርጋኑ ዝም አሉ። ሳክስፎኑ ግን መብራት አይፈልግም። የአስተማሪዋ ሳክስፎን ተጫዋች ልጅ ብቻዋን ቀጠለች፣ ያችኑ ስምንት ሰከንድ፣ ከግድግዳው ወዲያ። ትጨርሳለች፣ ትጀምራለች።

ረዥሙ መልሱን ትቶ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው ቡኒው ዘፋኝ ወንበሬ ላይ እንዳለ ደረቱ ሲሞላ አየሁት፤ እሷ ስትጨርስ እሱ ሦስተኛውን ስንኝ ቀስ ብሎ ገባበት። ሳሙናው አገጩ ላይ እየደረቀ እስከ መጨረሻው ዘፈነው። ምላጬን አንስቼ ቆሜያለሁ። እሷም ከወዲያ ሰምታው ኖሮ አጀበችው።

ሲጨርስ መስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ይሄን ዘፈን ስዘፍን ሃያ ዓመቴ ነው» አለ። «ሁሌ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሲጋራ ተውኩ። ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ሳንባህ ደህና ነው አሉኝ። ለካ እዚህ ጋ ነው የሚተነፈሰው።»

ማስተር፣ ምላጬን አስቀመጥኩ። ሰውየው በእኔ ኩቴክስ ምክንያት ሲጋራ ትቷል። ይሄስ ደግ ነው፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ነው የኖረው። ወረፋ ከሚጠብቁት መሃል ያ አጭሩ ሰውዬ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገና «እባክሽ አንዴ ድገሚው» አላት። እኔም ከእነሱ ጋር ሰማሁት። ዘፋኙ ስለሄደችበት ሴት ሁለት ስንኝ ዘፍኖ ሲደክመው ሳክስፎኑ አረፍ በል፣ እኔ ልያዝልህ የሚለው ነው የሚመስለው። ሠላሳ ዓመት ደብቄ ኋላ የተከራከርኩለትን ነገር ያን ዕለት ገና ሰማሁት።

ለምሳ ቤት ገባሁና ለእህትህ «ለወንድምሽ ልነግረው ነው» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይቺን ቃል ስጠብቅ አረጀሁልህ» አለች። ተነስታ የመስፊያ ሳጥኗን አመጣች፣ ከቁልፎቹ ሥር ያቺን ማጠንጠኛ አወጣች። እኔ ያኔውኑ የጣለችው ነበር የሚመስለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሦስት ቤት ስንቀይር፣ በየሄድንበት ይዛታለች። «ለምን?» አልኳት። «የተጋባነው በሷ አይደል እንዴ» አለችኝ፣ ቀላል ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ።

እንግዲህ ኪስህ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ያቺ አንድ ክንድ፣ ስምንቱ ሰከንድ፣ የተጨማደደች። ማስተሩን ይዘኸው እንደሄድክ አውቃለሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አንተ ደግሞ ካሴት ጨምርበት። ብትፈልግ ፈትተህ እየው፣ ሁለተኛው ስንኝ ማለቂያ ላይ ቀይ ነጥብ ታገኛለህ። የጻፍከውን አላወርደውም፣ ከመስታወቴ በላይ እንዳለ ይቆያል። ትንፋሽ አለመስጠታቸው እውነት ነው፤ ትንፋሹን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ለማኅበሩ ሰዎች ገና አልተናገርኩም፣ መጀመሪያ ላንተ ነው። እነሱ ሲሰሙ ኩቴክሱ ድምፁን ለውጦታል አልለወጠውም ብለው ሦስተኛ ወገን እንደሚያቋቁሙ አልጠራጠርም።

በመቁረጤ ተጸጽቻለሁ። በዚያ ቅዳሜ ግን ልጸጸት ብሞክር አልሆነልኝም። ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት፤ እሷም ደስ ብሏት ነው የኖረችው፣ ጣሪያው ቢያፈስም። ኮሪደሩ ላይ ያልኩህን ደግሞ እርሳልኝ። ካሴት ብቻ አይደለም የምታውቀው። ይሄን ዘፈን ለዚህ ሁሉ ሰው ያሰማኸው አንተ ነህ፣ እኔ ያጎደልኩትንም እንኳ ሳይቀር አስወድደኸዋል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፈው ሳምንት ልጅህ ፎቶ ልካልን ነበር፣ በረንዳ ላይ ጀርባህን ሰጥተህ አበባ ስታጠጣ። እህትህ «ወፈረ» አለች። እኔ ማጅራትህን ነው ያየሁት። ግራው ከፍ ብሏል፣ ቀኙ ወርዷል፣ ከቀኝ ጆሮህ ጀርባ ደግሞ አንድ ጭብጥ ፀጉር ጭራሽ አልተነካም። ይሄን ማንም ባለሙያ አልቆረጠውም። በሁለት መስታወት መሃል ቆሞ እጁን ወደ ኋላ ያዞረ ሰው ነው የቆረጠው። ሌላ ቦታ ነው የምቆረጠው ብለኸኝ ሄደህ ነበር፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የትም አልሄድክም።

የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቡኒው ዘፋኝ ከአስተማሪዋ ባንድ ጋር ያንተ ካሴት ቤት ውስጥ ይዘፍናል። ሱፉን ይልበስ አይልበስ እስካሁን አልተስማሙም። አንተ በጠዋቱ አውቶቡስ ና፤ ወንበሩን ላንተ ዝቅ አድርጌ እጠብቅሃለሁ። ከዘፈኑ በፊት ማጅራትህን ላስተካክልልህ።

ያንተው፣
ፀጉር ቆራጭህና አማችህ

ጋሼ፣ ልለጥፈው ስል አነበብኩት። እኔ «አትንካው» አላልኩም፣ «ቁረጠው» ነው ያልኩት። እሱማ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መቀሱን አብሬ ይዤለታለሁ። ና፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ተቆጣን።